በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የኢንተርኔት ስልክ መሣሪያ ስለ መምረጥ

በአባቶቻችን ዘመን ሥራና ቤት ተለያይተው የሚኖሩ አልነበሩም። ሸማኔው በገዛ ደጁ ጕድጓዱን ቈፍሮ ይሸምን ነበር፤ ጸሓፊውም ብራናውን በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ ልጆቹ በዙሪያው ሲጫወቱ ይጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር መጣና ሰው ሁሉ ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ሥራውን ከቤቱ ሆኖ መሥራትን ለመደ፤ በሽታው ካለፈም በኋላ ይህ ልማድ በብዙ ቤት ቀርቷል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሸማኔው የሚሠራው በእጁ ነበር፤ በቤቱ ተቀምጦ በስልክ የሚሠራው ሰው ግን የሚሠራው በድምፁ ነው። ድምፁ በመንገድ ላይ ከተበላሸ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ታናሽ እኅታችን ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች፤ አንድ ሕፃን ልጅ አላት። ሕፃኑን ለሰው ጥላ መውጣት ስላልፈለገች፤ እንግሊዝኛዋም የተጣራ ስለ ሆነ፤ በአሜሪካ አገር ባሉ ሐኪሞችና አማርኛ ተናጋሪ በሽተኞች መካከል በስልክ ቃል የማስተርጐም ሥራ አገኘች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብት ሕግ መሠረት ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማያውቅ በሽተኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ በዋሽንግተንና በዙሪያዋም የአገራችን ሰው ብዙ ስለ ሆነ ለአማርኛ ሥራው አይጠፋም።

የሥራው ሰዓት ግን ለቤተ ሰብ የማይመች ነው። በዋሽንግተን ጧት 3 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ወራቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ስለዚህ እርስዋ ሥራ የምትጀምረው የእኛ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት፤ እንጀራ በሚጋገርበት፤ ሰፈሩ ሁሉ መብራቱንና ኢንተርኔቱን በሚሻማበት ሰዓት ነው። በሁለተኛው ወር ከአሠሪዎችዋ ዘንድ «ድምፅሽ ይቆራረጣል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላስተካከልሽ ሥራው ይቀርብሻል» የሚል ጽሑፍ ደረሳት።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ፊትዋ ጠቍሮ ወደ እኛ ዘንድ መጣችና «ጋሼ፤ እርስዎ የምስክር ቃል ይጽፋሉ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችን። የሰዎቹን ማንነትና ነገራቸውን ሳትነግረን አንዲቱን ቃል ብቻ ነገረችን፤ ቃሏም «ይመታል» የምትለው ናት። «መ»ን አላልተው ቢያነቧት የሚመታ ሰው ናት፤ አጥብቀው ቢያነቧት ግን የሚመቱት ሰው ናት። እናትዮዋ ስለ ልጅዋ ስትናገር ድምፁ በመካከል ስለ ተቈረጠ፤ እኅታችን መቺው ልጁ ይሁን ወይስ ተመቺው ለመለየት አልቻለችም። ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ ብትጠይቃት ሴትዮዋ ያላመኗት መስሏት አለቀሰች።

እኛ በፍርድ ቤት ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን። «መጣ» የሚለውን «መታ» ብሎ መጻፍ አንዱን ሰው ወደ ወህኒ ሊሰድ ይችላል። በቄስ ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ ማጥበቅና ስለ ማላላት በአርጩሜ ሲያስተምሩን የቀደሙ ሰዎች ጭንቀት ይመስለን ነበር። አሁን ግን በስልክ ሽቦ ላይ ተመልሶ መጣብን።

እንግዲህ በመጀመሪያ መሣሪያው ድምፅን የሚያስተላልፈው እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አሮጌው ስልክ በሁለት የመዳብ ሽቦ ድምፁን ሳያቋርጥ ይሰድ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፁን ወደ ቊጥር ይለውጥና እጅግ ጥቃቅን አድርጎ ይቈራርጠዋል፤ ዘወትር አንዱ ቍራጭ የሴኮንድ ሃምሳኛ እጅ ንግግር ይይዛል። እያንዳንዱ ቍራጭ እንደ አንድ ደብዳቤ አድራሻው ተጽፎበት ለብቻው ይሄዳል፤ በሴኮንድ 50 ደብዳቤ ማለት ነው። ደብዳቤ ሲጠፋ ግን የዚህ ስልክ መልእክተኛ ተመልሶ አይፈልገውም፤ ፈልጎ ቢያመጣውም ንግግሩ አልፏል። መሣሪያው በጎደለው ስፍራ የቀደመውን ድምፅ እየደገመ ወይም ዝም እያለ ያልፈዋል። አንድ ቢጠፋ ጆሮ አያውቀውም፤ ተከታትለው አምስትና ስድስት ቢጠፉ ግን የጠበቀው ይላላል፤ የላላውም ይጠፋል። እኅታችንን ያስቸገራት ይህ ነበር።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። ጽሑፉ እንደ ደረሰ እኛ ወዲያው ወደ ገበያ ሄድንና ከአንድ ሱቅ አንድ የተዋበ የጠረጴዛ ስልክ ገዛን፤ ሰፊ መስኮትና ብዙ ቍልፍ ያለው፤ ለሚያየው ሰው የሚኒስትር ስልክ የሚመስል ነበር። ወደ ቤት አምጥተን ብንሰካው «የአገልግሎት ሰጪው ፈቃድ የለም» ከማለት በቀር ምንም አልሠራም። ዕቃው ቀድሞ በውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ለደንበኛው ያከራየው ኖሮ፤ ለሌላ እንዳይሠራ ተቈልፏል። ሻጩን ብንጠይቀው አልተቀበለንም። የአንድ ወር ደመወዛችን እኩሌታ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ባለቤታችንም እንግዳ በመጣ ቍጥር እየጠረገች «የጋሼ ሚኒስትር ነው» ትላለች።

ከዚህ በኋላ ከአንድ የኔትወርክ ባለሙያ ጐረቤታችን ጋር ተቀምጠን ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው፤ መጀመሪያ መግዛት የሚገባን ስልክ እንዳልነበረ ተረዳን። ስልኩ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ መንገዱ፤ ቀጥሎ መብራቱ፤ ከዚያ ጆሮና አፍ የሚሆነው ማዳመጫ፤ ከሁሉ በኋላ የስልኩ ሳጥን ነው።

ስለ መንገዱ እንጀምር። ኢንተርኔቱን የሚያካፍለው ራውተር የቆመው በዋናው ቤት ሳሎን ሲሆን እኅታችን የምትሠራው ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍል ነበር። በመካከሉ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ ቆርቆሮ ደግሞ የዋይፋይን ማዕበል መልሶ የሚጥል ጠላቱ ነው። በዚያ ላይ ጐረቤቶቻችን ሁሉ በአንድ ዓይነት ማዕበል ይጠቀማሉ። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ችግር አይታወቀውም፤ ፊልሙ አስቀድሞ እየተጠራቀመ ስለሚመጣ ጥቂት ቢዘገይ ከጐተራው ይበላል። ንግግር ግን ጐተራ የለውም። ስለዚህ 25 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝተን፤ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ቱቦ አልብሰን፤ በግድግዳው ሥር አሳልፈን ከራውተሩ እስከ ጠረጴዛዋ ዘረጋን። ይህ ገመድ ከገዛነው ሁሉ ርካሹ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የጠቀመን እርሱ ነው። በቤቱ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ሳይገዛ በፊት ይህን እንዲያደርግ እንመክራለን፤ የአንድ ገመድ ርዝመትም እስከ 100 ሜትር ድረስ ይፈቀዳል።

ምናልባት አንባቢው «ለስልክ እጅግ ፈጣን ኢንተርኔት ያስፈልጋል» ይል ይሆናል። ሒሳቡ ግን ይህን አያሳይም። ብዙ የሚሠራበት ጂ.711 የተባለው የድምፅ አጻጻፍ ዘዴ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት ይፈጃል፤ የየደብዳቤው አድራሻ ሲጨመርበት 80 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ለሁለቱ ተነጋጋሪዎች ድምፅ ተደምሮ የአንድ ሰዓት ንግግር 72 ሜጋ ባይት ይፈጃል ማለት ነው። ጂ.729 የተባለው ዘዴ ከአድራሻው ጋር 24 ኪሎ ቢት ብቻ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ድምፁን ስለሚያጠብበው ለማስተርጐም ሥራ አንወደውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦፐስ የተባለው ዘዴ ግን እንደ መንገዱ ስፋት ራሱን የሚያጠብና የሚያሰፋ ስለ ሆነ፤ አሠሪው የሚቀበለው ከሆነ እርሱን መምረጥ መልካም ነው።

እንግዲህ ችግሩ የፍጥነት ማነስ ካልሆነ ከምን ይመጣል? ከመሻማት ነው። በቤታችን የኢንተርኔት መስመር ወደ ቤት የሚገባው መንገድ ሰፊ፤ ከቤት የሚወጣው ግን ጠባብ ነው። ትልቁ ልጃችን በስልኩ ያነሣውን ረጅም ሥዕል ወደ ጓደኞቹ ሲልክ ጠባቡን መንገድ በሙሉ ይዘጋዋል፤ የአክስቱም ድምፅ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከጐረቤታችን እንደ ተማርነው በብዙ ራውተር ውስጥ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ሥርዐት አለ፤ ስሙም ኪው.ኦ.ኤስ. ይባላል። ራውተር የሚገዛ ሰው ይህ ሥርዐት ያለው መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። እኛም ይህን ከፈትን፤ ደግሞም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ማንም ሥዕል እንዳይልክ በቤታችን ሕግ አወጣን። ሕጉ በሁለተኛው ቀን ፈረሰ፤ ራውተሩ ግን ሕጉን ሲያከብር ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

መዘግየት የሚባልም ሌላ ነገር አለ። የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በወሰነው መሠረት ድምፅ ካንዱ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ ጨዋታው የተመቸ ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በመስተዋት ሽቦ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፤ ቀጥ ያለ መንገድ እንኳ ቢገኝ 55 ሚሊ ሴኮንድ በጕዞው ብቻ ያልቃል። ሽቦው ደግሞ በባሕር እየዞረ ስለሚሄድ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ማንም መሣሪያ ሊያሳጥረው አይችልም። ከዚህ የተነሣ እኅታችን የበሽተኛው ቃል ካለቀ በኋላ ባንድ ትንፋሽ ያህል ቈይታ መናገርን ለመደች። በገንዘብ የማይገዛ መድኃኒት ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መብራት እንለፍ። በአገራችን የመጀመሪያው የቴሌፎን መስመር ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መዘርጋት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። በኋላ ዘመን በየቤቱ የገባው የመዳብ ሽቦ ስልክ ኀይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ በሚመጣ 48 ቮልት ነው፤ ስለዚህ የቤት መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራል። ይህን የለመደ ሰው የኢንተርኔት ስልክም እንዲሁ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ራውተሩም፤ የመስተዋት ሽቦውን የሚቀበለው ሳጥንም፤ ስልኩም ከቤቱ ሶኬት ይመገባሉ፤ መብራት በጠፋ ቅጽበት ሁሉም ይሞታሉ። በሽተኛው ሕመሙን እየነገረ ሳለ አስተርጓሚው ድንገት ቢጠፋ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ያስበው።

ለዚህ የሚሆነው ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ ሳጥን ነው። ሲገዙ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቊጥር ብቻ መመልከት ያሳስታል። ያ ቊጥር ምን ያህል ሸክም ባንድ ጊዜ እንደሚችል እንጂ ምን ያህል ሰዓት እንደሚቈይ አይናገርም። የሚጠየቀው በውስጡ ያለው ባትሪ ነው። ብዙ ትናንሽ ዩፒኤሶች 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይይዛሉ፤ ይህም ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። የእኛ ራውተር በቻርጀሩ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር፤ የመስተዋት ሽቦው ሳጥን ደግሞ 12 ቮልት ግማሽ አምፔር የሚል ስለ ተጻፈባቸው ሁለቱ በብዛት 18 ዋት ይፈጃሉ። በወረቀት ላይ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ መቈየት ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ዩፒኤሱ የባትሪውን ኀይል ወደ 220 ቮልት ለመለወጥ ብዙ ስለሚያባክን በእኛ ቤት የቈየው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያለ ለውጥ 12 ቮልቱን በቀጥታ የሚሰጡ ትናንሽ የራውተር ባትሪዎች አሉ፤ ባባከኑት ያነሰ ስለ ሆነ ለራውተር እነዚህን እንመርጣለን። በዩፒኤስ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ካውያ መሰካት ፈጽሞ አይገባም፤ በእኛ ቤት ሠራተኛችን ካውያዋን ብትሰካበት ዩፒኤሱ ጮኾ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ በዲቫይደሩ ላይ በቀይ ቀለም «አይነካም» ብለን ጽፈንበታል።

የኢንተርኔቱ መስመር ራሱ የሚቋረጥበትም ቀን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የሚሰጡ ሁለት ድርጅቶች ስላሉ፤ የቤቱ መስመር ከአንዱ ከሆነ ለመጠባበቂያ የሚሆነውን ሲም ከሌላው መያዝ ብልኅነት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ቀን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ማዳመጫ ነው። በዚህ ላይ ገንዘብ መቈጠብ አይገባም። አሮጌው የስልክ መንገድ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። የ«ሰ» ፉጨትና የ«ፈ» ትንፋሽ ግን አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሚገኝ በስልክ «ሠራ» እና «ፈራ» ይቀላቀላሉ። ጂ.722 የተባለው ሰፊ የድምፅ ዘዴ እስከ 7,000 ኸርዝ ስለሚያሳልፍ ይህን ይለያል፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮም ያለ ነው። «ከበረ» እና «ቀበረ»፤ «መታ» እና «መጣ» የሚለዩትም በአንዲት አጭር ፍንዳታ ነው፤ ማይክሮፎኑ ከአፍ ከራቀ ወይም የክፍሉ ማስተጋባት ከበዛ ያቺ ፍንዳታ ትጠፋለች። የአማርኛ ጆሮ ከእንግሊዝ ጆሮ ይልቅ ጥሩ ማይክሮፎን የሚያስፈልገው ስለዚህ ይመስለናል።

ስለዚህ ማይክሮፎኑ በዘንግ ወጥቶ ወደ አፍ የሚቀርብ፤ በዙሪያ ያለውን ጫጫታ የሚቀንስ፤ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ማዳመጫ መረጥን። ገመድ የሌለውን የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አልወደድነውም፤ ብዙው ዓይነት ዜማ ሲያሰማ ጥርት ያለ ቢሆንም ማይክሮፎኑ በተከፈተ ጊዜ የድምፁን ጥራት ዝቅ ያደርጋል፤ ባትሪውም በመካከል ያልቃል። የምትገዙት ማዳመጫ ጆሮን የማያጠብቅ መሆኑን በሱቁ ውስጥ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ሻጩ ቢቈጣም ይቈጣ፤ ስምንት ሰዓት የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ መነጋገር ግን ለሁለት ነገር ክፉ ነው። አንደኛው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚገባ ተናጋሪው የገዛ ቃሉን ሲያስተጋባ ይሰማል። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ይኸውም የሰው ምሥጢር በቤት ውስጥ መሰማቱ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጤና ሕግ የበሽተኛውን ነገር ይጠብቃል፤ አስተርጓሚውም በዚህ ይታሰራል። እኛም በፍርድ ቤት የዝግ ችሎት መዝገብ ስንይዝ የኖርን ስለ ሆነ ይህን ከሕግ በፊት በሕሊና እናውቀዋለን። ስለዚህ ለክፍልዋ በቍልፍ የሚዘጋ በር አስገባን፤ በበሩ ውስጠኛ ገጽና በአንዱ ግድግዳ ላይም ወፍራም ብርድ ልብስና አሮጌ ጋቢ ሰቀልን። ይህ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ጥቂት ይረዳል፤ ይልቁንም በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይውጠዋል።

እናታችን ግን ይህን ሁሉ በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ለሰዓታት ከበር ውጭ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን ሲቈጥሩ ልጃቸው በሌሊት ብቻዋን ስታወራ ይሰማሉ፤ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። አንድ ቀን «ከማን ጋር ነው በውድቅት የምትነጋገረው? ጠበል ብንወስዳት ምናለ?» ብለው ጠየቁን። በሽተኞችን እንደምትረዳ ብንነግራቸው ተጽናኑ፤ አሁን ሕፃኑን ከበሩ የሚያርቁት እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የስልኩ ሳጥን ሊመጣ ይችላል፤ ዓይነቱም ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሳጥን የሌለው ነው፤ ይኸውም በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሲሆን ከጥሩ ማዳመጫ ጋር ለአንድ ሠራተኛ ይበቃል። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡትም ይህን ነው፤ ለእኅታችንም ስልክ መግዛት ፈጽሞ እንዳላስፈለጋት የተረዳነው ዘግይተን ነው። ሁለተኛው የጠረጴዛ አይፒ ስልክ ነው። ይህ ኮምፒውተሩ ቢደክምም አይደክምም፤ ቀኑን ሙሉ ብዙ ሰው ለሚደውልለት ነጋዴ ወይም ጠበቃ መልካም ነው። ሲገዙ ሲፕ በተባለው የጋራ ሥርዐት የሚሠራ መሆኑን፤ ጂ.722 ወይም ኦፐስ እንዳለው፤ ኮምፒውተሩ በእርሱ በኩል የሚያልፍ ከሆነም ቀዳዳው በሴኮንድ 1,000 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ መሆኑን ይጠይቁ፤ 100 ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል። ኀይሉን በኔትወርኩ ገመድ የሚቀበል ስልክም አለ፤ ለዚህ ግን የሚመግበው ሌላ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ለአንድ ስልክ ብቻ ወጪው አይገባም።

ሦስተኛው አዳፕተር ሲሆን፤ አሮጌውን የቤት ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው። ለሽማግሌዎች የለመዱትን እጀታ ስለማያስቀር እንወደዋለን። የስልኩ ገመድ የሚገባው ኤፍ.ኤክስ.ኤስ. በተባለው ቀዳዳ ነው፤ ይህን ቀዳዳ ከግድግዳው የቴሌ መስመር ጋር ማገናኘት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ልጆች እንዳይነካኩት መጠበቅ ይገባል።

ብዙ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ዕቃ በውጭ አገር ካለ ዘመድ ያስመጣል። እንግዲህ ለዘመዱ ከመጻፍ በፊት ሦስት ነገር ይታሰብ። የመጀመሪያው ቮልት ነው፤ በአሜሪካ መብራቱ 120፤ በእኛ አገር 220 ቮልት ነው። በቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ካለ ደኅና ነው፤ «120» ብቻ ካለ ግን በሰኩት ቀን ይቃጠላል። ሁለተኛው ዴክት የተባለው ገመድ የለሽ የቤት ስልክ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ከ1,920 እስከ 1,930 ሜጋ ኸርዝ፤ በአውሮፓ የሚሸጠው ከ1,880 እስከ 1,900 ሜጋ ኸርዝ ባለው ማዕበል ስለሚሠራ ሁለቱ አይተዋወቁም፤ የአንዱ አገር ማዕበል በሌላው አገር ለሌላ አገልግሎት የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሕግ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ዐዋጅ ቊጥር 761 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስመጣትንና መሸጥን፤ እንዲሁም በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎ ጽፎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቊጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ስለዚህ ከራሱ ጥሪ አልፎ ለሌላ ሰው ጥሪ የሚያሻግር ሳጥን ለማቆም የሚያስብ፤ ወይም ዕቃ በሻንጣ የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በእጁ ይያዝ። በመዝገብ ቤታችን ሰዎች «አላወቅሁም ነበር» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ይህ ቃል ግን ነጻ ሲያወጣ ያየነው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው።

ከቀሩት ጥቃቅን ነገሮች አንዱ የይለፍ ቃል ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን የይለፍ ቃል ያልለወጠ ሰው በሩን ከፍቶ የተኛ ያህል ነው፤ ሌቦች በእርሱ ስም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሩቅ አገር ይደውሉና ዕዳውን ይተዉለታል። ደግሞም አንዱ ሲናገር ሌላው የማይሰማ ከሆነ፤ በራውተሩ ውስጥ ያለውን ሲፕ ኤ.ኤል.ጂ. የሚባለውን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ያድነዋል። የውጭ አገር ቊጥር በተሰጠው የኢንተርኔት ስልክ ፖሊስ ለመጥራት 991 መደወልም የማይታመን ነገር ስለ ሆነ፤ ለአደጋ የሚሆን ተራ ሞባይል ሁልጊዜ ሞልቶ በቤት ውስጥ ይቀመጥ።

የሠላሳው ቀን ቀነ ገደብ ሳይደርስ በሃያ ሁለተኛው ቀን አሠሪዎችዋ የእኅታችንን ድምፅ እንደገና መዝነው ሥራዋን አጸኑላት። ያን ማታ ስለ ሥራው ምንም ሳትነግረን «ጋሼ፤ ዛሬ ማጥበቁም ማላላቱም ደረሰኝ» ብላ ብቻ አልፋ ወደ ሕፃኑ ገባች። አሁን በእጃችን ያለው ሥራ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሁለተኛ ባትሪ መፈለግ ነው፤ ሚኒስትሩንም የሚገዛን ሰው ካለ በመደርደሪያው ላይ ይገኛል።